የሕፃናት የደም ግፊት ስንት ነው?

“ደም ግፊት” ሲባል በጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ ቶሎ የሚታወሱን ትላልቆቹ አባትና እናቶቻችን ናቸው። ይሁንና ጨቅላ ሕፃንም የራሱ ልክ አለው። እስከ 3 ወር የላይኛው ቁጥር ከ65 እስከ 85፣ እስከ 6 ወር ከ70 እስከ 90፣ ከዚያም እስከ ዓመቱ ከ80 እስከ 100 ይሆናል። ስለዚህ ካርዱ ላይ 80 ተጽፎ ያየች እናት “ልጄ ደም አነሰው” ብላ አትደንግጥ፤ ደም ማነስ ሌላ ነው።

ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ የአዋቂ ከሆነ ግፊቱን አሳንሶ፣ ከጠበበ ደግሞ አጋንኖ ያሳያል። ልቅሶም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ጠብቶ እስኪተኛ መታገሥ ነው።

ጤናማ ልጅ ከ3 ዓመቱ በፊት የግድ ይለካ አይባልም። ያለ ቀኑ የተወለደ፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ግን ቀድሞ ይለካል፤ ለዚህ እስከ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተቅማጥ ነው። ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን ግፊቱ የሚወርደው ከተዳከመ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከፈዘዘ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ እንደ ነፋስ መውጫ ባለ ደጋ “ብርዱ ነው” ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ወላጆች ሆይ፣ የግፊት መለኪያ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ አድርሱት።