ተረከዙን ለሚያመው ሯጭ ሶል መግዛት ያዋጣል?

ጠዋት ከአልጋ ወርዳችሁ መጀመሪያ ስትረግጡ ተረከዛችሁን ሚስማር እንደወጋው ያደርጋችኋል? ትንሽ ስትራመዱ ይለቃል፣ ብዙ ተቀምጣችሁ ስትነሱ ደግሞ ይመለሳል። ለታላቁ ሩጫ ብለን ሳንለምድ በአንዴ ኪሎ ሜትር የምንጨምር ሰዎች በደንብ እናውቀዋለን። እኔንም ይዞኝ ያውቃል።

ፕላንታር ፋሺያይተስ ይባላል። ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ድረስ ውስጥ እግራችንን ወጥሮ የያዘ ጅማት መሰል ነገር አለ። ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት፣ ተረከዝ ላይ የተያያዘበት ቦታ ይጎዳል።

ከዚያ ምክሩ ይዘንባል። አንዱ ወጌሻ ጋ ሂድ ይላል፣ ሌላው ኦርቶቲክስ አሠራ። ኦርቶቲክስ ጫማ ውስጥ ገብቶ የእግርን ጎድጓዳ ቦታ የሚደግፍ ሶል ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፣ እግራችሁ ተለክቶ የሚሠራም አለ። የሚለካው በጣም ይወደዳል።

ታዲያ ያን ያህል ብር ያስወጣል? የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይሄ ሕመም ያለባቸውን 135 ሰዎች በሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ተለክቶ የተሠራ፣ ለሌላው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ ለሦስተኛው ደግሞ ድጋፍ የማይሰጥ ስስ ስፖንጅ ሰጡ። በ3 ወር እውነተኛውን ሶል ያደረጉት እንቅስቃሴያቸው ትንሽ ይሻል ነበር። በዓመቱ ግን ሦስቱም ያው ሆኑ። ውዱም ከርካሹ አልበለጠም።

ስለዚህ ሕመሙ እያነከሳችሁ ከሆነ ወይም ሥራችሁ ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም ከሆነ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሞክሩ። የጫማውን የድሮ ሶል አውጥታችሁ አስገቡት። መጀመሪያ በእግር ጉዞ ልመዱት እንጂ በዚያው ቀን ረጅም ሩጫ አትውጡበት። ሶሉ ጊዜ ይገዛላችኋል፣ እግሩን ግን አያጠነክርም።

የሚያጠነክረው ደረጃ ላይ የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የዴንማርክ ጥናት ላይ ይህን የሠሩት ሰዎች በ3 ወር ውስጥ እግራቸውን ብቻ ሲያሳስቡ ከነበሩት በተሻለ አገግመዋል (ሁለቱም ቡድኖች ጫማቸው ውስጥ የተረከዝ ጄል ነበራቸው)። ፎጣ ጠቅልላችሁ ጣቶቻችሁ ሥር አድርጉ፣ ተረከዛችሁ ከደረጃው ጠርዝ ውጭ ይሁን። በአንድ እግር በ3 ሰከንድ ከፍ በሉ፣ 2 ሰከንድ ቆዩ፣ በ3 ሰከንድ ውረዱ። በየሁለት ቀኑ፣ 12 ጊዜ፣ 3 ዙር። ሲቀልላችሁ ቦርሳ ውስጥ መጽሐፍ ጨምራችሁ ተሸከሙ። ይሰለቻል፣ አልዋሻችሁም፤ ግን በነፃ ነው።

በነገራችን ላይ፣ «አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያ የለመደ እግር ነው። በታመመ ተረከዝ አትሞክሩት።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ሕመሙ አጥንት ላይ አንድ ነጥብ ስትነኩ የሚያም፣ በሮጣችሁ ቁጥር የሚብስ፣ ተኝታችሁም የማይለቅ ከሆነ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሶል ቀይሮ መሮጥ ስንጥቁን ማስፋት ነው። ሩጫውን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። መጀመሪያ አካባቢ ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ «ምንም የለም» ተብላችሁ ሕመሙ ከቀጠለ ተመለሱ።