ፍቅር በሥራ ይገለጣል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ፍቅር የሚለው ቃል ከማናችንም አፍ አይጠፋም። አባት ልጁን እወደዋለሁ ይላል፤ ባልንጀራም ስለ ባልንጀራው እንዲሁ ይናገራል። ይህ መልካም ነው፤ ተፈጥሮም ያስተምረናልና። ነገር ግን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 እንዳስተማረን፥ የሚወዱንን ብቻ ብንወድ ከቀራጮች የምንበልጥበት ነገር የለንም። ስለዚህ ልንመረምረው የሚገባን ከዚህ የሚያልፈውን ፍቅር ነው፤ ይኸውም የማይወደንን፥ የማናውቀውን፥ ውለታችንንም ሊመልስልን የማይችለውን ሰው የምንወድበት ክርስቲያናዊ ፍቅር ነው።

የዚህ ፍቅር ምንጩ እግዚአብሔር ነው። እኛ ገና ኀጢአተኞች ሳለን እርሱ አስቀድሞ ወዶናል፤ አንድ ልጁንም ስለ እኛ ሰጥቷል። እንግዲህ እኛ ሌላውን ስንወድ የተቀበልነውን እናካፍላለን እንጂ ከራሳችን ገንዘብ አንሰጥም። ይህን የተረዳ ክርስቲያን፥ ይህ ሰው ፍቅሬ ይገባዋልን ብሎ አይመራመርም፤ ራሱም ሳይገባው ተወዷልና።

ፍቅር ምን እንደ ሆነ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 በምሳሌ አስረድቶናል። ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው ቍልቍለት ገደል የበዛበት ምድረ በዳ ስለ ሆነ ለወንበዴ የተመቸ ነበር። በዚያ መንገድ ተደብድቦ የወደቀውን ሰው ካህኑ አየው፤ ሌዋዊውም አየው፤ ሁለቱም ገለል ብለው አለፉ። ሳምራዊው ግን፥ አይሁድና ሳምራውያን የማይቀራረቡ ሕዝቦች ሆነው ሳሉ፥ አዘነለት። ኀዘኑም በልቡ ብቻ አልቀረም፤ ቀረበው፤ ቍስሉን በዘይትና በወይን አክሞ አሰረለት፤ በራሱ አህያ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ሌሊቱንም ጠበቀው። በማግሥቱ 2 ዲናር ከፈለ፤ የጐደለውንም ስመለስ እከፍላለሁ አለ። በዚያ ዘመን 1 ዲናር ለአንድ ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ስለ ነበረ፥ ሳምራዊው ለማያውቀው ሰው የሁለት ቀን ደመወዝ ሰጠ ማለት ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ፍቅር ከልብ ይጀምራል፤ ከልብ ወደ እጅ፥ ከእጅም ወደ ከረጢት ይደርሳል።

አባቶቻችንም ይህን በሥራ አሳይተውናል። በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ረኃብ በገባ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ ባለጸጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ገሠጸ፤ ለድኆችና ለሕሙማንም መጠጊያ ሠራ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም፥ ቤተ ክርስቲያንን በወርቅና በሐር እያስጌጡ በደጅ የተራበውን መርሳት ክርስቶስን ራሱን መርሳት እንደ ሆነ አስተማረ።

እንግዲህ በየዕለቱ እንዴት እንውደድ? አስቀድመን በአንደበታችን እንጀምር። ስለሌለ ሰው ክፉ ከማውራት እንቈጠብ፤ ለቤት ሠራተኛችንም እንደ ወንድምና እንደ እኅት እንናገር። ቀጥሎ በማዕዳችን እናሳየው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ስንጾም፥ የተውነው ምግብ ዋጋ በኪሳችን ከቀረ ጾማችን ጐደሎ ነው፤ ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እንዳስተማረን ለተራበው ሊደርስ ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ዕርቅ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዘን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እጅ እንነሣሣለን። ነገር ግን በአጥር ወይም በርስት ከተጣላነው ጎረቤት ጋር ሰላምታ ካቋረጥን ዓመት አልፎን እንደ ሆነ፥ በዚያ ሰዓት የምንሰጠው ሰላምታ ምን ይባላል? ጌታችን መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ አዝዟል። መታረቅ ያለበት የበደለ ብቻ ነው ብለን አንጠብቅ፤ ወንድማችን በእኛ ላይ ቅሬታ እንዳለው ማወቃችን ይበቃል።

የተበደለ ሰው፥ ታዲያ መብቴን ልተው? ይል ይሆናል። ፍቅር እውነትን አያስቀርም፤ የተበደለ ለብቻው ሄዶ ወንድሙን ይንገረው፤ ባይሰማው ሽማግሌ ይላክ፤ የንስሐ አባቱንም ያማክር፤ ነገሩ ከፍርድ ቤት ቢደርስ እንኳ ጥላቻን ከልቡ ያውጣ። ርስት በፍርድ ይመለሳል፤ በጥላቻ የጠፋችን ነፍስ ግን የሚመልሳት ዳኛ የለም።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፥ ፀሐይ ሳትገባ እያንዳንዳችን የምናስታርቀው፥ የምንጠይቀው ወይም የምናጐርሰው አንድ ሰው እንፈልግ። በፍቅሩ የሰበሰበን አምላክ በፍቅር ያጽናን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።