ቁጥር የሚመስል ሁሉ ቁጥር አይደለም

ከመገናኛ ተነስቶ በኮተቤ በኩል ካራ የሚደርስ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል። ታሪፉን፣ ለሒሳቡ እንዲቀል፣ 20 ብር እንበለው። ረዳቱ እየሰበሰበ በቃሉ የሚደርስበትን 240 ብር፣ ፕሮግራሚንግ ከጀመረች ሳምንት ያልሞላት አንዲት የሰፈሩ ተማሪ ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልታሰላው ተነሳች እንበል። ፕሮግራሙ ታሪፉን ይጠይቃታል፤ 20 ብላ ታስገባለች፤ በ12 ታባዛዋለች። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን ይህ ነው፦ 202020202020202020202020።

ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። የታዘዘውን አድርጎ 20ን አሥራ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ጽፏል። በፓይተን ከኪቦርድ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ አሃዝም ቢሆን፣ በመጀመሪያ የሚያዘው እንደ ጽሑፍ ነው። ተማሪዋ ያስገባችው 20 ወደ ቁጥር እንዲለወጥ አንዲት ትእዛዝ ብትጨምር 240 ይመጣላታል። በጃቫ ቢሆን ኖሮ ጽሑፍን በቁጥር ማባዛት ጭራሽ አይፈቀድም፤ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ስህተቱ ይነገራታል።

ፕሮግራመሮች ዳታ ታይፕ፣ ማለትም የዳታ ዓይነት፣ የሚሉት ይህን ቁጥር ወይስ ጽሑፍ የሚለውን ልዩነት ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሁሉ በ0 እና በ1 የተጻፈ ነው። ያው 65 ተብሎ የተቀመጠ እሴት አንድ ጊዜ ቁጥር ሆኖ ይነበባል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ትልቁ የላቲን «ኤ» ፊደል ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ዓይነቱ ነው፤ ምን ሊደረግበት እንደሚችልም እንዲሁ። ይደመራል? ይቆረጣል? ከሌላው ጋር ይቀጠላል?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን የሥልጠና መርሐ ግብር ከጀመረ ወዲህ ኮዲንግ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ የየሰፈሩ ወሬ ሆኗል። መማሪያዎቹ ግን አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ምሳሌያቸውም የሌላ አገር ስልክ፣ የሌላ አገር ቀን፣ የሌላ አገር ፊደል ነው። ዳታ ታይፕ ጀማሪን የሚያስቸግረው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የዓይነቶቹን አራት አምስት ስም መሸምደድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ በአገር ውስጥ ያለውን ነገር ከትክክለኛው ዓይነት ጋር ማገናኘት ግን ማስተዋል ይጠይቃል።

ከስልክ ቁጥር እንነሳ። ስሙ ቁጥር ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ ኢንቲጀር፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ አድርጎ ሊይዘው ይሞክራል። የእኛ የሞባይል ስልኮች በ09 ወይም በ07 ይጀምራሉ፤ ቁጥር ሆነው ሲቀመጡ የፊተኛዋ ዜሮ ትጠፋለች። ኮዱ ውስጥ በቀጥታ ሲጻፉ ደግሞ የባሰ ነገር አለ። በሲ እና በጃቫ ከፊቱ ዜሮ ያለበት ቁጥር በስምንት መሠረት የተጻፈ ተደርጎ ስለሚቆጠር 0712 ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው 458 ጽፏል። ፓይተን ይህን አልቀበልም ይላል፤ ቢያንስ አያሳስትም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስልክ አይደመርም፣ አይባዛም፣ አማካይ አይወጣለትም፤ ስለዚህ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ፣ ሆኖ ይቀመጥ። 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥርም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም እንደዚያው።

እውነተኛ ቁጥር የሆኑትም ቢሆኑ ስፋት አላቸው። በ8 ቢት፣ ማለትም በስምንት የ0 ወይም የ1 ቦታ፣ የሚያዝ ኢንቲጀር ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል። በ32 ቢት የሚያዝና ኔጌቲቭንም የሚጨምር ደግሞ 2,147,483,647 ላይ ያበቃል። ቁጥር ከስፋቱ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን በሳተላይት ምስል እንይ። ከካራ በስተምዕራብ፣ እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ከፍታ ገደማ የተተከለው የጠፈር ምርምር ማዕከል ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የመጠቀችውን የመጀመሪያዋን የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ የኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ መረጃ ሲቀበል ነበር። የሳተላይት ምስል ለሰው ዓይን ማሳና ጫካ ይሁን እንጂ ለፕሮግራመር የኢንቲጀር ሠንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ የብርሃን መጠን ናት። በ8 ቢት በተያዘ ምስል ላይ 255 የደረሰች የምታንጸባርቅ ነጥብ «ትንሽ ትድመቅ» ተብላ 1 ቢጨመርባት ወደ 0 ትመለሳለች፤ በጣም ነጭ የነበረችው ድንገት ድቅድቅ ጥቁር ትሆናለች።

ከስፋቱ ያለፈ ቁጥር ሮኬትም አውድሟል። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የአውሮፓው አሪያን 5 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወነጨፍ፣ በ64 ቢት የተያዘ አንድ የፍጥነት ልኬት 16 ቢት ወደሚይዝ ኢንቲጀር እንዲገባ ታዘዘ። አልበቃውም። የመሪ መሣሪያው ሥራ አቆመ፤ ሮኬቱም አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው በአየር ላይ ተበታተነ። ኮዱ ከቀድሞው አሪያን 4 የተወረሰ ነበር፤ ቀርፋፋው አሪያን 4 እዚያ ቁጥር ላይ ደርሶ አያውቅም።

ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ፍሎት ይባላሉ። ሁለት ኪሎ ተኩል ስኳር ለመመዝገብ ምንም አይሉም። ብርና ሳንቲም ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ፓይተን ውስጥ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ መልሱ 0.3 አይደለም፤ 0.30000000000000004 ነው። አንድ ሦስተኛ በአሥር መሠረት 0.333 እያለ እንደማያልቀው ሁሉ፣ አንድ አሥረኛም በሁለት መሠረት አያልቅም፤ ኮምፒውተሩ የሆነ ቦታ ላይ ቆርጦ ያስቀምጠዋል። በአንድ ሒሳብ ልዩነቱ አይታይም። ቀኑን ሙሉ ሲደመር ሲቀነስ የሚውል የሱቅ ፕሮግራም ግን ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ሳንቲሙ አልገጥም ሊል ይችላል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ወይ ሁሉንም በሳንቲም ቆጥረው ኢንቲጀር ያደርጉታል፣ 15 ብር ከ50ን 1550 ብለው፣ ወይም ለገንዘብ ተብሎ የተሠራውን ዴሲማል ይጠቀማሉ።

ቡሊያን ከሁሉም ያነሰው ነው፤ እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ይይዛል። ለዱቤ መዝገብ «ከፍሏል» የሚል አንድ ቡሊያን ይበቃል ብሎ የሚነሳ ሰው ግን ግማሹን የከፈለው ደንበኛ ሲመጣ ይቸገራል። እዚያ ቦታ የሚያስፈልገው ቀሪው ገንዘብ ራሱ ነው።

ስትሪንግ ላይ ደግሞ የአማርኛ ጸሐፊ የራሱ ጣጣ አለው። ቀደም ሲል እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግዕዝ የራሱን ቦታ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ «ካ» በየትኛውም ስልክ «ካ» ናት። በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (አንድ ባይት 8 ቢት ነው) ይወስዳል። «ካራ» ሁለት ፊደል ሆኖ 6 ባይት ነው፤ በላቲን አራት ፊደል ሆኖ 4 ባይት። አንድ የስልክ አጭር መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ የሚይዘውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው፤ ሰፋ ያለው ኮድ ቦታውን ይፈጃል።

ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለእሱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ካርዱ በ«ፀሐይ» የወጣላት ታካሚ በ«ጸሃይ» ስትፈለግ የለችም ትባላለች። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ አድርጎ ማመሳከርን ያስተምራሉ፤ የእኛ ፕሮግራመር ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ ጸና ፀን ለፍለጋ ብቻ አንድ የሚያደርግ መስመር ራሱ መጻፍ አለበት። የሰውየው ስም ግን እንደጻፈው ይቀመጥለት።

ቀን ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያስቸግራል። ፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች አብዛኞቹ ይዘውት የሚመጡት የቀን ዓይነት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሠራ ነው። ጥቅምት 30 የተወለደ ልጅ በቁጥር 30/2 ተብሎ ቢገባ አይቀበለውም፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለምና። የጳጉሜን ልጅማ 13ኛ ወር ውስጥ ስለሆነ በጭራሽ። የከፋው ግን የሚቀበለው ነው። ታኅሣሥ 12 በ12/4 ሲገባ ምንም ስህተት አይታይም፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ዕድሜ ሲያሰላ ልጁን ኤፕሪል 12 እንደተወለደ አድርጎ ይቆጥረዋል። አዋጪው መንገድ ሲገባ ወደ ጎርጎርዮስ ለውጦ በቀን ዓይነት ማስቀመጥ፣ ለተጠቃሚው ሲታይ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ነው።

ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚይዙት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም፣ ማለትም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ቆጣሪው 32 ቢት በሆነባቸው የቆዩ መሣሪያዎች ላይ የመጨረሻው ሰከንድ የሚሞላው በ2030 ዓ.ም የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ቀጣዩን ሰከንድ ሲቆጥር ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጥና መሣሪያው ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም ይለዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ የነበሩበት ዘመን። አዳዲሶቹ ሲስተሞች ቆጣሪያቸውን 64 ቢት ስላደረጉት ይህ አያሰጋቸውም።

የፓይተን ኢንቲጀር ግን እስከ ማሽኑ ማህደረ ትውስታ ድረስ ያድጋል፤ ታሪፍ የምታሰላዋ ተማሪ ለጊዜው ስለስፋት አታስብም። የመጀመሪያዋን ዳታቤዝ ስትሠራ ነው ጥያቄው የሚመጣው። በማይኤስኪውኤልም ሆነ በፖስትግሬስ «ኢንቲጀር» ብላ ብቻ ብትመርጥ የሚሰጣት 32 ቢት ነው። የተሳፋሪዎች ብዛት በሰፊው ይበቃዋል፤ ከ251 የሚጀምር ባለ 12 አሃዝ ስልክ ግን ገና በመጀመሪያው ምዝገባ አይገባም።