ሁለት ሳጥን፣ አንድ መድኃኒት

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ታይለኖል አይጠፋም። ቤት ደግሞ ከሰፈር ፋርማሲ የተገዛ ፓራሲታሞል ወይም ፓናዶል ይኖራል። ራስ ምታት የጠናበት ሰው «ያኛው አላሻለኝም» ብሎ ሁለቱን ሲደርብ የተለያየ መድኃኒት የዋጠ ይመስለዋል፤ የዋጠው ግን አንዱኑ ሁለት ጊዜ ነው። ለጤነኛ አዋቂ የ24 ሰዓቱ ጣሪያ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ ነው። ከዚያ ካለፈ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ብዙ የጉንፋን ኪኒኖችም ይህንኑ መድኃኒት ይዘዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቶች በየአገሩ የሚታወቁበትን የጋራ ስም በዝርዝር ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ፓራሲታሞል እንዲህ ያለ የጋራ ስም ነው፤ አሜሪካ ግን አሲታሚኖፌን እንዳለች ቀርታለች። ሳጥኑ ላይ የጋራ ስሙ ብዙውን ጊዜ ከንግድ ስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ሻጭ የራሱን ስም ማጉላቱ አይገርምም፤ ገዢ ማየት ያለበት ግን ደቃቁን ነው።

የሕፃናቱ ይብሳል። አንዱ የፓራሲታሞል ጠብታ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ሲይዝ፣ አንዱ ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ብቻ ይይዛል። ለሽሮፑ የተነገረው «5 ሚሊ ስጫት» በጠብታው ከተሠራበት ሕፃኗ የምትጠጣው 500 ሚሊ ግራም፣ የአዋቂ መጠን ነው። በዚሁ መምታታት የተነሳ የአሜሪካ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2011 የሕፃናቱን ፈሳሽ ወደ አንድ መጠን፣ 160 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር፣ ለማምጣት ተስማምተዋል። የወጥ ቤት ማንኪያም መስፈሪያ አይደለም፤ ከጠርሙሱ ጋር የመጣው ሲሪንጅ ወይም ኩባያ ነው።

ሰዓቱም ሰው ያሳስታል። የወባው ኮአርተም በ3 ቀን 6 ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ነው። ለልጇ ጠዋት 3 ሰዓት መስጠት ለጀመረች እናት ትክክለኛው ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። በችኮላ «ሁለተኛውን በ8 ሰዓት» ከተባለች ግን ከምሳ በኋላ ትሰጣለች፤ ሦስት ሰዓት ቀድማ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ሳጥኑ ላይ በእስክሪብቶ የሚጫረው «1×3»ም እንዲሁ ነው። ለአንዱ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ፣ ለሌላው በአንድ ጊዜ ሦስት ሊመስለው ይችላል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፋርማሲስቱ ይቸኩላል፤ ይገባኛል። «ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «እስቲ ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት ነው የሚሰጧት?» ቢባል ስህተቱ እዚያው መስኮቱ ላይ ይያዛል። ካልተጠየቁም ራስዎ መልሰው ይንገሩት፦ ስንት ሚሊ፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን።

ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በየቀኑ መስሏቸው የወሰዱ ሰዎች ሞተዋል። ሳጥኑ ላይ «በሳምንት 1 ጊዜ» አይበቃም፤ «ሰኞ» ተብሎ ይጻፍ።