ለሐረር ሳይክለኛ ጆሮ የማይደፍን ማዳመጫ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሰው ጆሮው ከዓይኑ እኩል ይሠራለታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባሳነጹት ግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ስፋቷ 48 ሄክታር ገደማ ነው። በዚያች ቦታ ላይ 368 መንገዶች ተጠላልፈውባታል። ብዙዎቹ ግራ ቀኛቸው የድንጋይ ግንብ ነውና መታጠፊያው ላይ የደረሰ ሰው ከወዲያ ምን እንደሚመጣ አያይም። እንጨት የተጫነ አህያ ሊሆን ይችላል፤ እየተሯሯጡ የሚመጡ ልጆችም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰፋ ያለው መንገድ ላይ ደግሞ ባጃጅ። አህያውን ኮቴው ያሳብቅበታል፤ ባጃጁን ክላክሱ። ከሁሉም ጠባቡና አስጎብኚዎች «የእርቅ መንገድ» የሚሉት ላይማ ሁለት ሰው ሳይነካካ አይተላለፍም፤ እዚያ ሳይክሉን መግፋት ነው።

ስለዚህ ለሳይክል ብሎ ገመድ አልባ ማዳመጫ የሚገዛ ሰው ከድምፁ ጥራት አስቀድሞ የውጪውን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያስገባ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ሻጭ የሚያሞግሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒውን ነው፦ «ይሄን ካረግህ ምንም አትሰማም!»

ሰው ሁሉ በደፈናው «ኤርፖድ» የሚለው፣ የጎማ ጫፉ የጆሮን ቀዳዳ ግጥም አድርጎ የሚዘጋው ዓይነት ገበያውን ሞልቶታል። ውድ ውድ የሆኑት በዚህ ላይ ጫጫታ የማጥፋት ችሎታ ተጨምሮላቸዋል። ከውጪ በኩል ያለችው ትንሽ ማይክሮፎን የአካባቢውን ድምፅ ትቀበላለች፤ መሣሪያው የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ያመነጭና ሁለቱ ይጣፋሉ። ዘዴው ይበልጥ የሚሠራው ወፍራምና ሳይቋረጥ በሚያጉረመርም ድምፅ ላይ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ለተቀመጠ መንገደኛ እፎይታ ነው። ለሳይክለኛው ግን ከኋላው የሚመጣው የአይሱዙ ሞተርም ከዚያው ወገን ስለሆነ አብሮ ይጠፋበታል። የውጪውን ድምፅ በማይክሮፎን ተቀብለው ወደ ጆሮ የሚያስገቡም አሉ፤ ቆሞ ከሰው ጋር ለማውራት ይበጃሉ። በፍጥነት ሲነዱ ግን ማይክሮፎኑን የሚመታው ነፋስ ራሱ እየጎላ ይገባና ሌላውን ድምፅ ይውጠዋል።

ነፋሱ በሐረር ዙሪያ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ግድም። ወደ ድሬዳዋ ለመውረድ በአወዳይና በሐረማያ አልፎ ደንገጎ ላይ የደረሰ ሳይክለኛ ከዚያ በኋላ ፔዳል መምታት አያስፈልገውም፤ ሥራው ፍሬን መያዝ ብቻ ነው። በዚያ ቁልቁለት ነፋሱ ጆሮው ላይ ይጮኻል። ዘፈኑ አልሰማ ሲለው እጁ ወደ ድምፅ መጨመሪያው ይሄዳል። መንገዱ ደግሞ ጫት ሳይጠወልግ ለማድረስ የሚጣደፉ መኪኖች የሚመላለሱበት ነው።

ድምፁን መጨመር ለጆሮም መዘዝ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። 90 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ ያ 40 ሰዓት ወደ 4 ይወርዳል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይቆጠርም፤ 3 በጨመረ ቁጥር ጆሮ የሚደርሰው የድምፅ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። በነፋስ ውስጥ በየቀኑ ድምፅ እየጨመረ የሚያዳምጥ ወጣት ይህን ወሰን ሳያውቀው ያልፈዋል።

ለዚህ ሁሉ እስካሁን የተሻለው መልስ በአጥንት በኩል የሚያሰማው ማዳመጫ ነው። መልኩ ለየት ይላል። በማጅራት በኩል የሚዞር ቀጭን ቅስት አለው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት እንክብሎች ጆሮ ውስጥ አይገቡም፤ ከጆሮ ፊት ለፊት ጉንጭ አጥንት ላይ ያርፋሉ። ሙዚቃው ሲከፈት እንክብሎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ንዝረቱ በራስ ቅል አጥንት አድርጎ፣ የጆሮን ታምቡር ሳይነካ፣ በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። የጆሮው ቀዳዳ ክፍት ስለሆነ ክላክሱም፣ «ዞር በል!» የሚለው ጩኸትም እንደ ወትሮው ይገባል። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ሾክዝ የተባለው ኩባንያ ነው። ኦፕንረን የሚባለው ሞዴሉ 26 ግራም ይመዝናል፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ 8 ሰዓት ይሠራል፣ የ10 ደቂቃ ቻርጅ ደግሞ ለ1 ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ከሁሉም ትበልጣለች።

ጉድለትም አለው። ቤዙ ደካማ ነው፤ ድምፁ ከፍ ሲል ጉንጭ ላይ ይኮረኩራል፤ ጫጫታ ባለበት ጎዳና ዘፈኑ ይሳሳል። ለወሬ፣ ለዜናና ለትረካ ግን ያለ ምንም ቅሬታ ይሆናል። ዋጋውም አይቀመስም፦ ኦፕንረን ውጭ አገር የሚሸጠው 130 ዶላር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ በብር ሲመነዘር ምን እንደሚያህል አንባቢ ራሱ ያስላው። ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታስር ሴት ደግሞ እንክብሉ ከጨርቁ ሥር ቆዳዋን ነክቶ መቀመጡን ማየት አለባት፤ በጨርቅ ላይ ካረፈ ንዝረቱ ይደክማል። የሄልሜቱ ማሰሪያም ሲጠብቅ እንዳይገፋው መሞከር ነው።

ከዚህ ዝቅ ባለ ዋጋ ጆሮ ላይ ተንጠልጥለው ድምፁን ከቀዳዳው አጠገብ የሚለቁ፣ ጎማ የሌላቸው ማዳመጫዎችም መጥተዋል። ድምፃቸው ከአጥንቱ ይሻላል፤ ነፋስ ላይ ግን ቶሎ ይሸነፋሉ። ለከተማ ውስጥ መንገድ ይበቃሉ።

አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ያለውን ኤርፖድ በአንድ ጆሮ ብቻ ማድረግ ይችላል። በየትኛው? በቀኙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ተሽከርካሪ ቀኝ ይዞ ስለሚሄድ፣ ሳይክለኛውን ቀድሞ የሚያልፈው መኪና የሚመጣው በግራው በኩል ነው፤ ግራ ጆሮው ክፍት ይሁን። ይህም ቢሆን እንከን አለበት። አእምሮ የድምፅን አቅጣጫ የሚለየው ድምፁ ሁለቱ ጆሮዎች ላይ በሚደርስበት ጊዜ መካከል ባለው፣ ከሰከንድ አንድ ሺኛ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ጭምር ነው። አንደኛው ጆሮ ሲዘጋ መኪና መምጣቱ ይሰማል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ያደናግራል።

በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይ ባለፈበት የሳይክል ውድድር ዓለምም ተወዳዳሪዎች ጆሯቸው ላይ የሬዲዮ ማዳመጫ ያደርጋሉ፤ ከቡድኑ መኪና ትእዛዝ የሚሰሙበት ነው። ልዩነቱ እነሱ የሚሮጡት ለውድድሩ በተዘጋ መንገድ ላይ መሆኑ ነው። በዚያው በፈረንሳይ ተራ ሳይክለኛ በክፍት መንገድ ላይ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ከትቶ ቢገኝ 135 ዩሮ ይቀጣል፤ ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ካሊፎርኒያ ሁለቱን ጆሮ መድፈን ትከለክላለች፣ አንዱን ግን ትፈቅዳለች።

የኤሌክትሪክ መኪናም ጉዳዩን አጥብቆታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በርክተዋል። እነዚህ በዝግታ ሲሄዱ የሚሰማው የጎማቸው ሽውታ ብቻ ነው። አውሮፓ አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ በሕግ ያስገደደችውም ለዚህ ነው። ባዶ ጆሮ እንኳ የሚያመልጠውን ሽውታ የተደፈነ ጆሮ ከቶ አይሰማውም።

ግዢው ላይ፣ ሸዋ በር አካባቢም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻውን አያዘናጋ። «አይፒ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የመጀመሪያው አኃዝ ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ይናገራል። 67 ማለት አቧራ አያስገባም፣ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። በመጀመሪያው አኃዝ ቦታ ኤክስ ተጽፎ 4 ከተከተለው፣ አቧራው አልተፈተሸም፤ ከየትም የሚረጭ ውሃ ግን አይጎዳውም። ለላብና ለካፊያ ይኼ ይበቃል። በአስመስሎ የተሠራ ዕቃ ላይ ግን ቁጥሩ ጌጥ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ መፈተሽ ያዋጣል። አድርጎ ራስን መነቅነቅ፣ ሁለት ሦስቴ መዝለል፤ እዚያ የወደቀ ኤርፖድ የጀጎልን ኮብልስቶን አይችልም። ሙዚቃውን ከፍቶ ጀርባ መስጠት፣ ሻጩም ከኋላ ሆኖ በተለመደው ድምፁ ዋጋውን እንዲናገር ማድረግ፤ ዋጋው ካልተሰማ ማዳመጫው ለሳይክል አይሆንም። በመንካት ብቻ የሚታዘዘው ደግሞ ጣት ላብ ወይም ዝናብ ሲነካው ያስቸግራል፤ ተጫን ሲሉት የሚጫን ቁልፍ ያለው ይሻላል።

የጀጎልን በር አልፎ ሲገባ ግን የአጥንቱም፣ የአንድ ጆሮውም ማዳመጫ ይጥፋ። ግንቡ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሳይክል ከአንድ ዘፈን ብዙም አይረዝም።