ስማቸው ብቻ የቀረ ተራዎች፤ የሊዝቦን ሰፈሮች በነጋዴ ዓይን ሲታዩ

የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝቦን፥ የታጉስ ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ከሚገባበት አጠገብ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ጥንታዊት ከተማ ናት። አብዛኞቹ ጎብኚዎች አብያተ ክርስቲያናቷንና ግንቦቿን ተመልክተው ይመለሳሉ። ሙያው ንግድ የሆነ ሰው ግን በሰፈሮቿ በእግሩ ቢዘዋወር ሌላ ነገር ያነባል፤ በየመንገዱ ማዕዘን የተጻፈው ስም ከ260 ዓመታት በፊት በዚያ ቦታ ምን ይሠራና ምን ይሸጥ እንደ ነበር ይነግረዋልና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉብኝቱን በወንዙ ዳር ከተዘረጋው ሰፊ አደባባይ መጀመር ይገባል። አደባባዩ ፕራሳ ዶ ኮሜርሲዮ፥ ማለት የንግድ አደባባይ ይባላል። የከተማው ሕዝብ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በቀድሞ ስሙ ‹‹ቴሬይሮ ዶ ፓሶ››፥ የቤተ መንግሥት ሜዳ፥ ይለዋል። ከዐፄ ልብነ ድንግል የተላኩት አባ ጸጋ ዘአብ በ1527 ሊዝቦን ሲደርሱ በዚህ ስፍራ ቆሞ የነበረው የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነበር።

እርሳቸው ያዩት ከተማ አብዛኛው ዛሬ የለም። ኖቬምበር 1 ቀን 1755 ጧት፥ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሆኖ ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ሳለ፥ ምድር ተናወጠች። ከነውጡ የተረፈው ወደ ወንዙ ዳር ቢሸሽ የባሕር ማዕበል መጣበት፤ ከየቤተ ክርስቲያኑ ሻማና ከየቤቱ ምድጃ የተነሣው እሳትም ለብዙ ቀናት ነደደ። ቤተ መንግሥቱ ከነመጻሕፍቱ፥ ጉምሩኩም በውስጡ ከተከማቸው ሸቀጥ ጋር ጠፋ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የነጋድያንን ማኅበር በቀጥታ የሚመለከት ነው። ከነውጡ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፥ በኋላ ማርኬዝ ዴ ፖምባል የተባለው ኀይለኛ ሚኒስትር የቀድሞውን የነጋዴዎች ማኅበር ሐሳቤን ተቃወመ ብሎ አፍርሶ፥ በምትኩ ዡንታ ዶ ኮሜርሲዮ የተባለውን የንግድ ጉባኤ አቋቁሞ ነበር። የነጋዴ አቤቱታ የሚያስደስተው ሰው አልነበረም። ቢሆንም ከተማይቱ በፈረሰች ጊዜ የሊዝቦን ነጋዴዎች በጉምሩክ ከሚገባው ሸቀጥ ዋጋ ከመቶ 4 ለሕንፃው ሥራ እንዲከፈል ራሳቸው ቃል ገቡ። ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን በቦታው መልሶ አላሠራም፤ አደባባዩም የንግድ አደባባይ ተባለ። ስሙ የነጋዴዎቹ መዋጮ መታሰቢያ ነው ይባላል። በ1759ም ይኸው ጉባኤ የሚያስተዳድረው የንግድ ትምህርት ቤት በሊዝቦን ተከፍቶ ወጣቶች ሒሳብን፥ የገንዘብ ምንዛሪንና የሁለት ወገን መዝገብ አያያዝን ይማሩበት ጀመር። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ሳያስተውል አያልፍም።

ከአደባባዩ በስተጀርባ ያለው ሜዳማ ሰፈር ባይሻ ይባላል። በገመድ የተለካ ያህል ቀጥ ያሉት መንገዶቹ የማኑኤል ዳ ማያ፥ የኤውዤኒዮ ዶስ ሳንቶስና የካርሎስ ማርዴል ሥራ ናቸው። በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ነውጥን እንዲችል እንደ ወፍ ቤት የተገጣጠመ የእንጨት ማገር አለ። መሬቱ ረግረግ ስለ ሆነ ከመሠረቱ በታች የጥድ ግንድ ተተክሏል፤ ግንዱም የከርሰ ምድር ውሃ እስካልተለየው ድረስ አይበሰብስም።

በ1760 በወጣው ትእዛዝ እያንዳንዱ መንገድ ለአንድ ሙያ ተመደበ። ወርቅ አንጥረኞች፥ ብር ሠሪዎች፥ ጫማ ሰፊዎች፥ ወርቅ ቀቢዎች፥ የጨርቅ ነጋዴዎች፥ የፈረስ ዕቃ ሠሪዎች ለየብቻቸው ተራ ተሰጣቸው። ስሞቹ ዛሬም በማዕዘኖቹ ላይ ይነበባሉ። ባለሙያዎቹ ግን አብዛኞቹ ከስማቸው ተለይተዋል፤ የወርቁ መንገድ እንኳ በኋለኛው ዘመን የባንኮች መንገድ ሆኗል።

በፈረስ ዕቃ ሠሪዎች መንገድ አንድ ባንክ በ1990ዎቹ ዓመታት ሕንፃውን ሲያሳድስ ከመሬቱ ሥር የሮማውያን የዓሣ ማስቀመጫ ገንዳዎች ተገኙ። ዓሣው በጨው ተነክሮ በየአገሩ ይላክ ነበር። ጎብኚ ከባንኩ ሥር ወርዶ ገንዳዎቹንና ከላያቸው የተተከሉትን የጥድ ግንዶች በአንድነት ማየት ይችላል። ጥቂት እርምጃ ርቆ፥ የደረቅ ዓሣ ነጋዴዎች መንገድ በሚባለው፥ ከ1930 ጀምሮ የቆርቆሮ ሰርዲን የሚሸጥ ሱቅ አለ። ዘመኑ ተለወጠ እንጂ ሸቀጡ ብዙም አልራቀም።

ከባይሻ በስተምዕራብ ያለው ዳገት ሺያዶ ነው። መንገደኛውን ወደ ላይ እንዲያወጣ በ1902 የተሠራ 45 ሜትር የሚደርስ የብረት አሳንሰር አለ። በዚህ ሰፈር በ1732 የተመሠረተው የቤርትራንድ የመጻሕፍት መደብር አለ። በ1905 የተከፈተው ብራዚሌይራም አለ፤ ባለቤቱ የብራዚልን ቡና ለማስለመድ ፈልጎ፥ አንድ ኪሎ ቡና ለገዛ ሰው አንድ ስኒ የተፈላ ቡና በነጻ ይሰጥ ነበር። ቡና ላኪዎች ለሆኑ አንባብያን ይህ ሰው ገበያ እንዴት እንዳወጣ ልብ ሊባል ይገባዋል። ኦገስት 25 ቀን 1988 ከግራንዴላ መደብር የተነሣ እሳት 18 ያህል ሕንፃዎችን በላ፤ አልቫሮ ሲዛ የተባለው አርክቴክት የውጭ ገጻቸውን ጠብቆ መልሶ ሠራቸው።

በዚያው ቁልቁለት፥ በካርሞ መንገድ፥ ከ1925 ጀምሮ ጓንቲ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ስፋቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ገዢ በላይ አይዝም፤ ሌላው ከደጅ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሻጩ የገዢውን ክርን በትንሽ ትራስ ላይ ያስደግፋል፤ የጓንቲውን ጣቶች በእንጨት መቆንጠጫ ይከፍትና ዱቄት ነስንሶ በእጁ ላይ ያጠልቅለታል። በሎሬቶ መንገድም ከ1789 ጀምሮ ሻማ የሚሸጥ ቤት አለ።

እንዲህ ያሉትን ሱቆች የሚያሰጋቸው እሳት ወይም ነውጥ ሳይሆን ኪራይ ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የቆየው ዝቅተኛ ኪራይ በ2012 በወጣው ሕግ ተለቀቀ፤ የጎብኚው ቍጥርም ስለ በዛ ባለቤቶች አሮጌ ቤቶቻቸውን ለሆቴል ማዋልን መረጡ። በዚህም አንዳንድ የቆዩ ሱቆች ተዘጉ። ባለቤቶቹም ያለ ምክንያት አልተነሡም፤ በቀድሞው ኪራይ ጣራ ማሳደስ እንኳ አይቻልም ነበር። የከተማው አስተዳደር በ2015 ‹‹ታሪክ ያላቸው ሱቆች›› የሚል ፕሮግራም አቋቁሞ የተመረጡትን በመዝገብ ማስፈርና መርዳት ጀመረ፤ በ2017ም በአገር ደረጃ ሕግ ወጣ። ርዳታው መልካም ነው። ነገር ግን ሱቁን ከመዘጋት ሊጠብቅ ቢችል እንኳ፥ በየሳምንቱ ይመላለስ የነበረውን የሰፈር ገዢ አይመልስም፤ እርሱም በኪራይ ምክንያት ከሰፈሩ ወጥቷልና።

ከሺያዶ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ፖሶ ዶስ ኔግሮስ፥ የጥቁሮች ጕድጓድ፥ የሚል ስም ያነባል። ንጉሥ ማኑኤል በ1515 የሞቱ ባሪያዎች ሬሳ የሚጣልበት ጕድጓድ እንዲቈፈር አዝዘው ነበር። የሊዝቦን ንግድ ይህንም ይጨምራል፤ ስለ ከተማይቱ ብልጽግና የሚጽፍ ሰው ሊዘለው አይገባም።

በስተምሥራቅ ያለው አልፋማ ነውጡ ብዙውን ክፍል ስለ ተወለት ጠባብ መንገዶቹ እንደ ጥንቱ ናቸው፤ ስሙም የፍል ውሃ ቦታ ከሚል የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። ከዚያ አልፎ ማክሰኞና ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚቆምበት ሜዳ ይገኛል። ሙራሪያ የሚባለው ሰፈር ደግሞ ከተማይቱ በ1147 በክርስቲያኖች እጅ ከገባች በኋላ እስላሞች እንዲኖሩበት የተወሰነ ነበር። ዛሬ በቤንፎርሞዞ መንገድ የባንግላዴሽ ሰዎች፥ በአቅራቢያውም የቻይና፥ የሕንድና የአፍሪካ ተወላጆች ሱቅ ከፍተዋል፤ ቅመም፥ ሩዝ፥ ልብስና የስልክ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ለቸርቻሪ በጅምላ የሚያከፋፍሉም አሉ። የመንገዶቹ ስም ሙያ አይናገርም። የሚጫን፥ የሚወርድና ዋጋው የሚከራከሩበት ሸቀጥ ማየት የሚፈልግ ነጋዴ ግን ከስመ ጥሩዎቹ ተራዎች ይልቅ ወደዚህ ቢመጣ ይሻለዋል።