ዩሪያ ማዳበሪያ ሲሞቅ ለምን አይፈላም? የደኅንነት መረጃ ሰነድ አነባበብና የአከመቻቸት ጥንቃቄ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በሌሎች የምዕራብ ጎጃም አካባቢዎች በቆሎና ስንዴ አምራቾች በስፋት ከሚጠቀሙባቸው ማዳበሪያዎች አንዱ ዩሪያ ነው። ከክብደቱ 46 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ከረጢት 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ማዳበሪያውን የሚያቀርቡ ድርጅቶችና የሚያከማቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የደኅንነት መረጃ ሰነዱን ሲመለከቱ፣ በክፍል 9 የመፍላት ነጥብ በሚለው ቦታ በቁጥር ፋንታ «ሳይፈላ ይፈራርሳል» የሚል መግለጫ ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ የመረጃ ጉድለት ሳይሆን ትክክለኛ መልስ ነው።

የመፍላት ነጥብ ማለት የአንድ ፈሳሽ የትነት ግፊት ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር እኩል የሚሆንበት የሙቀት መጠን ነው። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ ከፍታው የአየር ግፊቱን በሚቀንስበት በፍኖተ ሰላም ግን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው ከተነነ በኋላ ቢቀዘቅዝ ተመልሶ ውኃ ይሆናል።

ዩሪያ ግን ከዚህ ይለያል። በ133 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ወደ አሞኒያ፣ ባዩሬትና ሌሎች ውሁዶች ይለወጣል። በዚህ ጊዜ የሚታየው አረፋ የዩሪያ ትነት ሳይሆን በዋናነት አሞኒያ ጋዝ ነው። ስለዚህ በቴርሞሜትር የሚነበበው ቁጥር የዩሪያ የመፍላት ነጥብ ተብሎ ሊመዘገብ አይችልም።

ቤተ ሙከራዎች እንዲህ ዓይነት ኬሚካሎች ሲያጋጥሟቸው በሦስት መንገዶች ይሠራሉ፦

1. ግፊትን መቀነስ፦ ግፊት ሲቀንስ የመፍላት ነጥብም ስለሚቀንስ፣ አንዳንድ ኬሚካሎች ሳይፈራርሱ ሊፈሉ ይችላሉ። ውጤቱ የተለካበት ግፊት አብሮ መጻፍ አለበት።

2. በስሌት መገመት፦ በዝቅተኛ ሙቀት ከተለካ የትነት ግፊት በመነሣት ይሰላል። ለሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚጠቀሰው 150 ዲግሪ ገደማ በዚህ መንገድ የተገመተ ነው።

3. መፈራረስ የሚጀምርበትን ሙቀት መመዝገብ፦ ጥቂት ናሙና ቀስ በቀስ እየሞቀ የክብደቱ ለውጥ ይመዘገባል። የማሞቂያው ፍጥነት ውጤቱን ስለሚለውጥ፣ በተለያዩ አምራቾች ሰነዶች ላይ የቁጥር ልዩነት ሊታይ ይችላል።

በመሆኑም ሰነዱን የሚያነብ ሰው በክፍል 9 ብቻ ሳይወሰን፣ ስለ እሳት አደጋ የሚገልጸውን ክፍል 5፣ ስለ አከመቻቸት የሚያስረዳውን ክፍል 7 እና ስለ ኬሚካሉ መረጋጋት የሚያብራራውን ክፍል 10 አብሮ መመልከት ይኖርበታል።

ለአርሶ አደሩ ዋናው ቁም ነገር ዩሪያን ከእሳትና ከእርጥበት ማራቅ ነው። ከረጢቱ በምድጃ አጠገብ ወይም ምግብ በሚበስልበት ክፍል መቀመጥ የለበትም፤ በደረቅና አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ፣ ከወለሉ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ዩሪያ በብዛት ከተበላ የቀንድ ከብትን ስለሚመርዝ፣ ከብቶች ከማይደርሱበት ቦታ መሆን ይገባዋል። ማከማቻው በእሳት ከተያያዘ የሚወጣው ጋዝ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ስለሚጎዳ፣ ሰዎች ጭሱ ከሚነፍስበት አቅጣጫ ፈጥነው መራቅ አለባቸው።

በማሳ ላይ የሚደርሰው ብክነት ደግሞ ከፍተኛ ሙቀት አይጠይቅም። በአፈር ውስጥ የሚገኝ ኢንዛይም ዩሪያን ወደ አሞኒያ ስለሚለውጠው፣ ላይ ላዩን ተበትኖ የቀረ ማዳበሪያ በከፊል ወደ አየር ይባክናል። ርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ጨምሮ ወዲያውኑ አፈር ማልበስ ብክነቱን ይቀንሳል። ስለ መጠኑና ስለ ጊዜው የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይገባል።